ጥርሱ ያልተነካ ጎማ

ሰኞ፣ 3

ደብተሩ የባለቤቴ ነው። የፊተኞቹ ስድስት ገጾች ላይ የሳሙናና የክር ዝርዝር ጽፋበታለች፤ አልቀደድኩትም። ከሰባተኛው ገጽ ወዲህ ያለው የእኔ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ካገባኋት በኋላ ነው። «ካልጻፍክበት ጥሎህ ይሄዳል» ትለኝ ነበር። እሷ ጥላኝ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። ፊደሉ አለ።

ዛሬ ሦስት ብስክሌት ሠራሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጎማ በሙቀት ሲለሰልስ ለእጅ ይመቻል።

ሐሙስ፣ 6

ምራቴ ጠዋት ሱቅ መጣች። ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚታየው፤ እሷ ግን ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። የሰፋችውን በብስክሌት ለየደንበኛው ታደርሳለች። የፊት ጎማዋ ጥርሱ አልቆ እንደ ራሰ በራ ያብለጨልጫል።

«አባባ፣ ከቀጭኑ ሱቅ አንድ ጎማ ልግዛ እንዴ?» አለች።

አልከለከልኳትም። ዝም ነው ያልኩት። ዝም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለች።

ቀጭኑ ፊት ለፊቴ ሱቅ የከፈተው ሰውዬ ነው። ሙያውን የቀዳው ከእኔ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ያኔ እውነትም ቀጭን ነበር፤ ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ ቀድሞ ብድግ የሚለው ሆዱ ነው። «ጋሼ፣ ሰው አሁን አዲስ ነው የሚፈልገው» ብሎኝ ወጣ። ይኸው አዲስ ይሸጣል። የዛሬ ዘመን ጎማ ጎኑ የሳሳ ነው፣ ወረቀት ነው። ምራቴን ወረቀት ላይ አላስቀምጣትም።

ቅዳሜ፣ 8

የባለቤቴን ጎማ ለምራቴ ሰጠኋት።

የባለቤቴ ብስክሌት መኝታ ክፍሌ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ ነው ያለው። ያንን ጎማ አዲሱን ባሰርኩላት በወሩ አመማት። ከዚያ ወዲህ አልተነዳም። ጥርሱ አልተነካም። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚኖረው የላስቲክ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ድንጋይ ነው። አርባ ዓመት ጎማ ያየሁት በዚህ አውራ ጣት ነው።

ውስጡ ያለው የአየር ላስቲክ፣ ከመነዳሪው ግን እጄ ላይ ተፈረካከሰ። ስድስት ዓመት ያለ አየር ተሰቅሎ እንዴት አይደርቅ። ምራቴ ከቀጭኑ አዲስ ገዝታ መጣች። ከመነዳሪ እንኳ ግድ የለም፣ ከየትም ይገዛል።

የጎማው ጎን ትንሽ አቧራ ይዞ ነበር። በጫማ ቀለም ወለወልኩት። ስጦታ ከነአቧራው አይሰጥም። አንደኛው ጎኑ ሁለት ጊዜ ቀለም ፈለገ። እሱን ጎን በቀኝ በኩል አድርጌ አሰርኩት። ጎማው ላይ ወደዚህ ዙር የሚል ቀስት አለ፤ ቀስቱን ነው የተከተልኩት።

ደጅ አውጥቼ ስነፋው ቀጭኑ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ዞር ብሎ በቀኝ በኩል አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ ጎኑን አይተውታል?»

«ጥርሱን አየኸው?»

«ስለ ጥርሱ አላልኩም።»

«ጎማ መፍታት ያስተማረህ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሆድህን ይዘህ ወደ ሱቅህ።»

ፖስተኛው አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ሳቀ። ሻይ ቤቱ ደጅ የተቀመጡትም ሳቁ። ቀጭኑ ራሱ ፈገግ አለ። ከዚያ ምራቴን «እህቴ፣ አየሩን ቀነስ አድርገሽ ንጂው» ብሏት ሄደ። እሱ ጀርባውን እንደሰጠኝ ሦስት ፓምፕ ጨመርኩበት።

ምራቴ ጎማውን ዳሰስ አደረገችው።

«የእማማ ነው?»

«አዎ።»

«እጠነቀቅለታለሁ» አለች።

ቤታችን ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። በእጄ የሰጠኋት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው መሰለኝ። ሌላም ሰጥቼ ይሆናል፤ አሁን አልታወሰኝም።

ማክሰኞ፣ 11

ወደቀች። ቁልቁለቱ ላይ። ቀኝ እጇ።

ሐኪም ቤት ነኝ። ይሄን ደብተር ምን ሊያደርግልኝ ይዤው እንደመጣሁ አላውቅም።

ረቡዕ፣ 12

ፖስተኛው ነው ሮጦ የነገረኝ። ድልድዩ ጋ ልትደርስ ስትል ተኩስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ ዞረ አለኝ። የፊት ጎማዋ ነው። መሪው ከእጇ ወጣ። ለትምህርት ቤት የሰፋቻቸው ሸሚዞች መንገዱ ላይ ተበተኑ። ወደ ቦዩ ስትወድቅ ቀኝ እጇን ነው ያስቀደመችው። አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጄሶ አደረጉላት።

ሐኪሙ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አላት።

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

ይጽፍ ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባያስቀምጠው ይሻል ነበር።

ብስክሌቱን ከቦዩ አውጥቶ ደጄ ላይ ያስደገፈ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጎማውን ፈታሁትና ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አደረግኩት፤ ደጅ ቦታ ይይዛል። ከመነዳሪውን በሩ ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት። ስንዝር ያህል ተተርትሯል። ሰው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» እያለ ያደክመኛል፤ አይቶ ይሂድ።

ፖስተኛው አየው። «ከመነዳሪው ነዋ» አለ።

«ይኸው እንደምታየው።»

«የቀጭኑ ነው?»

«ከእሱ ነው የተገዛው።»

ይሄ ውሸት የለበትም።

ዓርብ፣ 14

በርሜሉ ጀርባ ያለውን ልጥለው ነበር። ቆሻሻ ሰብሳቢው አልመጣም።

መጥቶ ነበር እንኳ። ደንበኛ ይዞኝ ነው።

እሑድ፣ 16

ልጄ ትናንት ገባ። ሚስቱን በጄሶ ሲያያት ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወጥቶ ከመነዳሪውን ከሚስማሩ ላይ አወረደና መንገዱን ተሻገረ። ተከተልኩት። እንዳይማታ ብዬ ነው።

«ይሄ ያንተ ነው?»

ቀጭኑ ተቀበለው፣ ገለበጠው። «ከእኔ ነው የተገዛው» አለ።

«ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። አንተ ሰው ነህ? ምን ዓይነት ዕቃ ነው ለሰው የምትሸጠው?»

ሱቁ ውስጥ አምስት ሰው ነበር። ቀጭኑ ልጄን አላየውም፤ እኔን ነው ያየኝ። ድሮ «መፍቻ አቀብለኝ» ስለው ቁጥሩን እስክነግረው ድረስ እንዲህ እያየኝ ይጠብቅ ነበር።

«አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለ ልጄ።

«የፈነዳው ከመነዳሪው ነው» አልኩ።

ያልኩት ይቺን ነው፤ ከዚህ የጨመርኩት የለም። ደግሞም እውነት ነው። ጎማ አይፈነዳም። ጎማ ይቀደዳል፤ የሚፈነዳው ከመነዳሪው ነው። ጎሚስታ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጄ ከመነዳሪውን ባንኮኒው ላይ ወረወረው። አምስቱ ሰዎች አንድ በአንድ ወጡ። አንደኛው የያዘውን ዕቃ መልሶ አስቀመጠ።

ማታ ራት ላይ ምራቴ በግራ እጇ ስትበላ አየኋት። ማንኪያው አፏ ጋ ሳይደርስ ይደፋል። ልጄ ሊያጎርሳት ሲል «ተው፣ እለምደዋለሁ» አለችው። እኔ ቶሎ ጠገብኩ።

ማክሰኞ፣ 18

ሰው ከቀጭኑ የገዛውን ከመነዳሪ እየመለሰ ነው። ሁለቱ ወደ እኔ መጡ፤ የድሮ ደንበኞቼ ናቸው። አንደኛው «የእጅ ሙያ ይሻላል፣ ጋሼ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ፖስተኛው «ቀጭኑ እውነትም ሊቀጥን ነው» ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅኩ፤ ሳል ይመስል ነበር።

ሙቀቱ አሁንም አልቀነሰም። መኝታ ክፍሌ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ነው። ፀሐይዋ በዚያ መስኮት ገብታ ቀጥ ብላ ብስክሌቱ የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ነው የምታርፈው። ስድስት ዓመት እዚያ ተኝቼ ዛሬ ነው ያየሁት።

ዓርብ፣ 21

ምራቴ በአንድ እጇ ልብስ ልታጥብ ስትታገል አገኘኋት። ልጭመቅልሽ ብዬ ገባሁ። የወደቀች ቀን የለበሰችው ቀሚስ ነበር። ጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር አለ።

«አባባ፣ ይሄ በምን ይለቃል?»

«ግራሶ ከሆነ በቤንዚን ነው።»

«ግራሶ አይደለም። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ የጫማ ቀለም ነው።»

«ጫማሽ ነዋ።»

«ጫማዬ ቡናማ ነው» አለች።

ቀሚሱን ጨመቅኩ። ከሚገባው በላይ ጨመቅኩት መሰለኝ፣ «ይበቃዋል፣ አባባ» አለችኝ።

ሰኞ፣ 24

የውሃ መሥሪያ ቤቱ የብስክሌት ኃላፊ መጣ። ቆጣሪ አንባቢዎቻቸው የሚነዷቸው ሃያ ሁለት ብስክሌቶች አሉ። ድሮ የሚጠገኑት እኔ ጋ ነበር፤ አራት ዓመት ሆነ ወደ ቀጭኑ ከዞሩ።

«ወደ እርስዎ ልንመልሰው አስበናል፣ አባት። የሰው ሕይወት ነው፣ እኛም እንጠየቅበታለን።»

«ላስብበት» አልኩት። ሳምንት የውል ወረቀት ይዞ ይመጣል።

አላሰብኩበትም። እሱ እንደወጣ ግድግዳው ላይ ሃያ ሁለት ማንጠልጠያ መታሁ። መዶሻው ሲያርፍ ከመንገዱ ማዶ የቀጭኑ ሚስት ድምፅ ተሰማኝ። «ምንድን ነው የምትጠብቀው? ሂድና ተናገር» ትለዋለች። እሱ የመለሰላት አልተሰማኝም። መዶሻዬን አነሳሁ።

ስለ ምን እንደምታወራ የማውቀው ነገር የለም። የባልና የሚስት ነው።

ረቡዕ፣ 26

አንዲት ደንበኛ ለምራቴ የመስኮት መጋረጃ አመጣችላት፤ ቀሚስ ይወጣዋል ወይ ብላ። ጨርቁ የሚያምር ነው። እኔ ጥግ ተቀምጬ መርፌ ላይ ክር አስገባ ነበር። ሰሞኑን ሥራዬ ይሄ ነው፤ እኔ አስገባለሁ፣ እሷ በግራ እጇ ጨርቁን ትገፋለች፣ የስፌት መኪናውን እጀታ ደግሞ እኔ አዞራለሁ። አንድ ኮሌታ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል።

ምራቴ መጋረጃውን በጉልበቷና በግራ እጇ ይዛ ሳብ አደረገችው። ተቀደደ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«ፀሐይ በልቶታል» አለቻት። «ፊቱን ሲያዩት አዲስ ነው፤ ድሩ ግን አልቋል። ብሰፋልሽ ገንዘብሽም ይጠፋል፣ እኔም አፍርበታለሁ።»

ለሴትዮዋ ነው ያለችው። እኔን አላየችኝም። ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቃተኝና ዓይኔን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ 27

ሱቁን ቀድሜ ዘጋሁ። ከበርሜሉ ጀርባ ያለውን አወጣሁት።

እንደ ባለሙያ ላየው ብዬ ነው። ጥርሱ አሁንም አልተነካም። ቁልቁለቱን፣ ድንጋዩን፣ ቦዩን ሁሉ አልፎ አንድም ቦታ አልተላጠም። በግራ በኩል ያለው ጎኑ ደህና ነው። የቀኙን በሁለት እጄ አጠፍኩት። ከዳር እስከ ዳር በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል፤ ቀለሙን የጠጣው ስንጥቁ ነው። በስንጥቁ ውስጥ ድሩ ይታያል፤ ድሩም እየተበጠሰ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከጠርዙ ጀምሮ ስንዝር ያህል ተተርትሯል። ከመነዳሪው በዚያ ወጥቶ ነው የፈነዳው። ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

ጎማ መሬት የሚረግጠው በጥርሱ ነው። ሰውየውን የሚሸከመው ግን በጎኑ ነው፤ በዞረ ቁጥር የሚታጠፈው፣ የሚዘረጋው እሱ ነው። ይሄን ለቀጭኑ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ይሆነዋል። አጥፎ ሳያይ ጎማ ስላሰረ ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ።

ጎማውን ያሰርኩ ቀን እዚህ ደብተር ላይ ቀስት አለው ብዬ ጽፌያለሁ። ቀስት የለውም። ሰው ብስክሌት ላይ የሚወጣው በግራ በኩል ነው። የቀኙን አያየውም።

አቧራም አልነበረም።

ቅዳሜ፣ 29

ሐኪም ቤት ሄድን። ሁለት ጣቶቿ እሺ ብለው አይታጠፉም። «ይሻላቸዋል፤ እንደነበሩት እንኳ ባይሆን» አለ ሐኪሙ። መቀስ የምትይዝባቸው ጣቶች ናቸው።

ዛሬ ለልጄ ልነግረው ነበር። ደክሞት ተኛ። ነገ ጠዋት ደግሞ ቀድሞኝ ይወጣል።

ሦስተኛው ሰበቤ ነው ይሄ። ቆጥሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ 2

ዛሬ የሆነውን በሙሉ ልጽፈው።

ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ መጣ። ባንኮኒዬ ላይ ዘረጋና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ፊርማዬ ያምራል፤ ባለቤቴ ናት ያስተማረችኝ፣ አንድ ወር ሙሉ ተለማምጄዋለሁ። መጀመሪያ ግን ላንብበው ብዬ ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

«አይድከሙ፣ አባት፤ እዚህች ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት» አለኝ።

ማንበብ አይችልም ብሎኝ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ። እልክ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሦስተኛው መስመር ላይ «የቀድሞው ጠጋኝ ለሰው አካል ጉዳት ምክንያት የሆነ ዕቃ በመሸጡ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ሰው ሲያወራው ነፋስ ይወስደዋል፤ ይሄ ግን ተጽፏል። ከሥሩ የሚቀመጠው የእኔ ስም ነው። በእሷ ፊደል።

«ይሄ ሦስተኛው መስመር ውሸት ነው» አልኩት።

«እንዴት?»

«ቆየኝ።»

ከበርሜሉ ጀርባ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ጥሩ ጎማ ነው» አለ ጥርሱን አይቶ።

«ጎኑን እጠፈው።»

አጠፈው። ስንጥቁ ተከፈተ። እጁን አየ፤ ጥቁር ነክቶታል።

«ምንድን ነው?»

«የጫማ ቀለም። እኔ ነኝ የቀባሁት። ስንጥቁን አይቼ ነው የቀባሁት። ከመነዳሪው ምንም አልነበረበትም።»

መሀረብ አውጥቶ ጣቱን ጠረገ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሃያ ሁለቱን ማንጠልጠያዎች ቀና ብሎ አያቸው። «ለዋናው ሥራ አስኪያጅ እነግራለሁ» ብሎ ወጣ። ብስክሌቶቹ ለማን እንደሚሆኑ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም።

ጎማውን አንጠልጥዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ቀጭኑ ዕቃ በካርቶን ይከታል። ጎማውን ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። አልነካውም።

«ጎማው ነው» አልኩት። «ያንተ ከመነዳሪ ደህና ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ከቦዩ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ልጄ እንደዚያ ሲያዋርድህ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ስንት ቀን?»

«ዛሬ ሃያ አንድ።»

ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሚስቴ ስትጨቀጭቀኝ፣ ተያት፣ የጋሼን ነገር አውቀዋለሁ፤ ይዘገያል እንጂ ይናገራል እላት ነበር» አለ። «ባለፈው ዓርብ ግን ሱቁን ለብረታ ብረት ነጋዴው አስረከብኩ። ቅዳሜ እንሄዳለን። የሚስቴ ወንድም ባለበት ከተማ ትንሽ ቦታ ተገኝቷል።»

«ለሰዉ እነግራለሁ። ኃላፊውን አሁን ነግሬው መጣሁ።»

«ይንገሩ። ለስሜ ይጠቅመዋል፤ ሱቁን ግን አይመልስልኝም።» ካርቶኑን በገመድ አሰረ። «ከዓርብ በፊት ቢናገሩ ነበር፣ ጋሼ።»

ቁጣ የለበትም። ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

ረቡዕ፣ 3

ለምራቴ ትናንት ማታ ነገርኳት። ጎማውን አልወሰድኩላትም፤ በአፌ ብቻ ነገርኳት። መርፌዋን አኑራ ሰማችኝ።

«ከቀሚሱ ጊዜ ጀምሮ አውቄያለሁ» አለች።

«ስለ እጅሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አባባ፣ ስለ እጄ ብቻ ቢሆን ድሮ ይቅር ባልኩዎት ነበር። የእማማን ጎማ ነው የሰጡኝ፤ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባሌ ግን ያንን ሰውዬ በሰው ፊት ሲያዋርደው እርስዎ አጠገቡ ቆመው ነበር። እሱን ምን ላድርገው?»

«ከእሷ ብስክሌት ላይ የወረደ ነገር ያረጃል ብዬ አላሰብኩም» አልኳት። ለምን ይሄን እንዳልኩ አላውቅም። አለቀሰች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁትም።

ዛሬ ጠዋት ክር ላስገባላት ስሄድ ክሩ መርፌው ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። በግራ እጇ ራሷ አስገብታዋለች።

ቅዳሜ፣ 6

ለልጄ ከመኪናው ሳይወርድ ነገርኩት። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን አዞረና የቀጭኑ ደጅ ላይ አቆመው። ወርዶ አነጋገረው፤ ሩቅ ነኝ፣ አልሰማሁም። ቀጭኑ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ግን አየሁ። ካርቶኖቹን፣ መደርደሪያውን፣ አልጋቸውን ሁሉ ሁለቱ ጫኑት። ልጄ እዚያ ድረስ ሊያደርሳቸው ነው፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልርዳችሁ ብዬ ተሻገርኩ። ልጄ «ተወው፣ አባዬ፣ ከባድ ነው» አለኝ። ዓይኔን አላየም።

ቀጭኑ ሊሳፈር ሲል ተመልሶ መጣና አዲስ ጎማ ሰጠኝ። «ለእህቴ» አለ። ጎኑን አጥፎ አሳየኝ፤ በዚህም በዚያም። ተማሪ ለአስተማሪው እንደሚያሳየው ነው ያሳየኝ። እኔም አየሁ። እንደ ወረቀት የሳሳ ነው ያልኩት ጎማ ነው። ታጥፎ ተመለሰ፤ መስመር እንኳ አልያዘም።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ከእኔ ጋር በሠራበት አሥራ አንድ ዓመት ለሠራው ነገር ጥሩ ነው ብዬው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ 9

ዝናብ ጀመረ። ሙቀቱ ሰበር አለ።

የባለቤቴን ብስክሌት ከመስኮቱ አንስቼ ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ አዞርኩት። አሁን የፊት ጎማ የለውም። የኋላውን አጥፌ አየሁት። እሱም ያው ነው። ሁለቱ አብረው ነው ያረጁት፣ እኔ ከሥራቸው ተኝቼ።

ከመነዳሪው ተሰቅሎበት የነበረው ሚስማር ላይ አሁን ጎማውን ሰቅዬዋለሁ፤ የተቀደደውን ጎን ወደ መንገዱ አድርጌ። ፖስተኛው አይቶ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ደብዳቤውን ሰጥቶኝ ሄደ። ማዶ ያለው ሱቅ አሁን ሚስማርና ቆርቆሮ ነው የሚሸጠው። የመጣብኝን ብስክሌት ሁሉ አየር አውጥቼ ጎኑን እያጠፍኩ ነው የማየው። ሰው «ጥርሱ እኮ ደህና ነው» ይለኛል። አልቆጣም።

ከሰዓት አንድ የማላውቀው መንገደኛ ሚስማሩ ላይ ያለውን አየና ቆመ።

«አባት፣ ይሄን አይሸጡትም? ጥርሱ እኮ አልተነካም።»

«ጎኑን እጠፈው» አልኩት።

አጠፈው። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄን ጎማ የሰው ብስክሌት ላይ ያሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከተሰቀለ ወዲህ ይሄን ስናገር አራተኛዬ ነው። ሲደጋገም ይቀላል ብዬ ነበር። አይቀልም። ሰውየው ጎማውን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መልሶ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። እኔ ጋ አላስጠገነውም።

ምራቴ ከጓሮ ሆና ተጣራች። ኮሌታ ላይ ደርሳለች፤ የመኪናውን እጀታ የሚያዞርላት ሰው ትፈልጋለች።